አንድ እሳት፣ ሰባት ደሴት

እትዬ ጣልያን አገር የገቡት በደርግ ዘመን ነው። ወደ ሮም ከመምጣታቸው በፊት መሲና ከተማ አንድ ቤተሰብ ዘንድ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ በየነሐሴው ከሲሲሊ በስተሰሜን ወዳሉት ደሴቶች ለዕረፍት ሲሄድ እሳቸው ቤት ይጠብቃሉ። ከከተማው ጀርባ ካለው ተራራ ላይ ሆኖ ላየ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ደሴቶቹ በሰሜን በኩል ባሕሩ ላይ ተበትነው ይታያሉ። ከሁሉም ራቅ ብላ ብቻዋን የቆመችው፣ አናቷ ላይ ጭስ የማይጠፋት፣ ስትሮምቦሊ ናት። እትዬ ያቺን ጭስ ከሩቅ ብቻ አይተው ጡረታ ወጡ። «አጠገቧ ሳልደርስ እንዳልሞት» የሚሉትን ደጋግሜ ስሰማ ኖሬ፣ ባንደኛው መስከረም፣ የነሐሴ ሰው ወደየከተማው ሲመለስ፣ ይዣቸው ሄድኩ።

ጉዞው የሚጀምረው ከሲሲሊ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከሚላዞ ወደብ ነው። ጣልያኖች አሊስካፎ የሚሉት ፈጣን ጀልባ ሆዱን ከውኃው ላይ አንሥቶ ስለሚሮጥ፣ ትንሽ ማዕበል ሲነሣ ጉዞው ይሰረዛል። ቦታው የጥንት ግሪኮች የነፋስ ጌታ ኤዎሎስ ይኖርበታል ያሉት ነውና ባለትኬቱም «ነፋስ ካልተነሣ» እያለ ነው ትኬቱን የሰጠን። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ሰባት ናቸው፦ ቩልካኖ፣ ሊፓሪ፣ ሳሊና፣ ፓናሬያ፣ ስትሮምቦሊ፣ ፊሊኩዲና አሊኩዲ። በምዕራብ ያሉትን ሁለቱን የመጨረሻዎቹን አላየንም። የቀሩትን ግን ከቅርቡ ወደ ሩቁ እያልን ሄድንባቸው። ይህን ቅደም ተከተል የመረጠልን የጀልባው ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ስትሮምቦሊን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ትዕይንት አይቶ ይመለሳል። ደሴት በደሴት እየተሻገረ የሚደርስባት ግን ያንኑ እሳት ተኝቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከባሕር ሥር ተደብቆ፣ በመጨረሻም ዓይኑን ገልጦ ያገኘዋል።

እሳቱ የመጣው ከጥልቅ ነው። የአፍሪካና የአውሮፓ ምድር በሚጋፉበት በዚያ አካባቢ፣ የአዮኒያ ባሕር ወለል ከደቡብ ጣልያን ሥር ቁልቁል ይሰምጣል። ይዞት የሚወርደው ውኃ ከታች ያለውን የጋለ አለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ የቀለጠውም ወደ ላይ መውጫ ይፈልጋል። የእኛው ኤርታ አሌ መንገዱ ሌላ ነው፤ አፋር ላይ ምድር እየተለያየች፣ በተከፈተው በኩል እሳት ይወጣል። እዚያ ሲከፈት፣ እዚህ ሲጋፋ።

የቩልካኖ ወደብ ሳይደርስ ሽታው ተቀበለን። የድኝ ሽታ ነው፤ የከረመ እንቁላል ይመስላል፣ ልብስ ላይም ያድራል። እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወረዱ። ከወደቡ በላይ ያለው ተራራ አናቱ ላይ በቢጫ ድኝ ተቀብቷል፤ በየስንጥቁ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። የሮማውያን የእሳት አምላክ ቩልካን አንጥረኛ ስለነበር አውደ ግብሩ ይህ ነው ይሉ ነበር። ተራራው ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1890 ነው። ድኝ የሚያስቆፍር አንድ ስኮትላንዳዊ ባለሀብት በዚያ ጊዜ ንብረቱ ወድሞበት ደሴቱን ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተኝቷል። ሲተኛ ግን ይተነፍሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጸው ላይ ትንፋሹ በረታና በወደቡ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ሌሊት ሌሊት ቤታቸውን ለቀው እንዲያድሩ ታዘዘ። ከመሬት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ፣ አልጋ ከፍታ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ አይሰማውም። እሳተ ገሞራ ሲባል ነበልባል ብቻ ለሚታየን ሰዎች ይህ ሊነገረን የሚገባ ነገር ነው። ቀለምም ድምፅም ሽታም የሌለው አደጋ ከሚታየው ይልቅ ያስፈራኛል።

ሊፓሪ ትልቋ ደሴት ናት፤ የመንግሥት ቢሮው፣ ሆስፒታሉና ገበያው እዚያ ነው። እትዬ በአምባው ላይ ባለው ሙዚየም ውስጥ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆመው ቀሩ። በሣጥኑ ውስጥ የተደረደሩት ጥቁር፣ የሚያብለጨልጩ፣ ጠርዛቸው ምላጭ የሆነ ስባሪዎች ናቸው።

«ይኼ ባልጩት አይደለም እንዴ?»

ባልጩት ነው። ቅልጥ አለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያለ ጥቁር መስታወት ይሆናል። ብረት ሳይታወቅ የሊፓሪ ባልጩት በጀልባ እየተጫነ እስከ ማልታ፣ እስከ ደቡብ ፈረንሳይና እስከ አድሪያቲክ ማዶ ይሸጥ ነበር። እትዬ ልጅ ሆነው ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት ሲፍቁ አይተዋል፤ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ድንጋዩ እንጨት እጀታ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ለማያውቁት ጎብኚዎች በጣልያንኛ ያስረዱ ጀመር። እኔም ጨመርኩበት፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው መልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች ባልጩት እየቀረጹ መሣሪያ ከሠሩ ከሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በአቅራቢያው ድንጋዩን ያመጡበት ቦታ ስሙ ራሱ ባልጩት ነው። ያን ቦታ ለብዙ ዓመታት ከቆፈሩት መካከል ጣልያኖችም አሉ። እትዬ ይህን ሲሰሙ የሙዚየሙን ጠባቂ ጠርተው ነገሩት።

በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የተራራ ጎን ነጭ ነው፤ ከሩቅ በረዶ ይመስላል። ፑሚስ ነው፣ አገራችን ብሎኬት የሚሠራበት ያ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ። ለረጅም ዘመን ሲቆፈር ኖሮ በዚህ ክፍለ ዘመን ተዘጋ፤ የዛጉ መንሸራተቻዎችና ወደ ባሕር የገቡ መጫኛዎች ቀርተዋል። ባልጩቱም ፑሚሱም ከአንድ ዓይነት ቅልጥ አለት የመጡ መሆናቸው አስገርሞኛል። አንዱ ጋዙን አጥቶ ጠጠረ፣ ሌላው ጋዙ ውስጡ ሲፈላ አረፋ ሆኖ ደረቀ።

አምባው ሌላም ታሪክ አለው። ፋሺስቶች ተቃዋሚዎቻቸውን ወደዚህ ያግዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1929 ካርሎ ሮሴሊ፣ ኤሚሊዮ ሉሱና ፋውስቶ ኒቲ ሌሊት በሞተር ጀልባ ከዚህ አምልጠው ቱኒዝያ ደረሱ። እኛም በዚህ ባሕር ላይ እስረኛ ነበረን፤ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከተማረኩ በኋላ ከሮም በስተደቡብ ባለችው በፖንዛ ደሴት ታስረዋል፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም በርካታ መኳንንትና ወይዛዝርት ከሰርዴኒያ ጫፍ ወዳለችው አዚናራ ተግዘዋል። ሙሶሊኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ሲወድቅ ተይዞ ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዷ ያችው ፖንዛ ነበረች። እትዬ ይህን ታሪክ ከአባታቸው ሰምተዋል። ጀልባው ከሊፓሪ ሲወጣ ወደ ሰሜን ምዕራብ እያዩ «በዚያ በኩል ነው አይደል?» አሉኝና አማተቡ። ፖንዛ ከዚያ አትታይም፤ አቅጣጫው ግን ልክ ነበር።

ሳሊና ላይ ያደርነው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አረንጓዴ ናት፣ ሁለት ጫፍ ያላት፤ ከፍተኛው 962 ሜትር ይደርሳል፣ የደሴቶቹ ሁሉ ቁንጮ ነው። ካፐሪና ወይን ታበቅላለች። እሳቷ ጠፍቶ አፈር ሆኗል፤ አፈሩም ደግ ነው። ፓናሬያ ደግሞ ትንሽ፣ ነጫጭ ቤት የሞላባት፣ የሀብታም ጀልባ የማይጠፋባት ናት። እሳቷ ያለው ከባሕር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 ከጎኗ ካሉት ጥቃቅን አለቶች መካከል የባሕሩ ወለል ተከፍቶ ጋዝ ወጣ፤ ውኃው ነጥቶ ፈላ፣ ዓሣው ሞቶ ተንሳፈፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 30 ላይ፣ የስትሮምቦሊ ጎን ተንዶ ባሕር ገባና የተነሣው ማዕበል በባሕር ዳር ያሉ ቤቶችን መታ። ክረምት ስለነበረ ደሴቲቱ ላይ የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ የሞተም አልነበረም። ያው ማዕበል በነሐሴ ቢመጣ ኖሮ፣ ዳርቻው በዋናተኛ በተሞላበት፣ የሚሆነውን ማሰብ ይከብዳል።

ስትሮምቦሊ የደረስነው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ከጀልባው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚረገጠው ጥቁር አሸዋ ነው፤ የፀሐዩን ሙቀት ይዞ በጫማ ውስጥ ያልፋል። መንገዶቹ ለመኪና ጠባብ በመሆናቸው ዕቃችንን የጫነልን ባለ ሦስት እግር ሞተር ነው። የመንገድ መብራት የለም፤ ማታ ሁሉም ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ይሄዳል። ቤት ያከራዩን አሮጊት ገና በር ላይ ሳሉ፣ ወደ ተራራው በአገጫቸው እያመለከቱ «ዛሬ ደህና ነው» አሉን። የደሴቲቱ ሰዎች ተራራውን በስሙ አይጠሩትም፣ «እሱ» ነው የሚሉት። እሱ ሌሊት አናገረን፣ እሱ ዛሬ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ነው የሚሰጉት።

እትዬ ከሮም ይዘውት የመጡትን ቡና በአሮጊቷ ማፍያ አፈሉና በረንዳው ላይ የበዓል ቡና ጠጣን። ዕለቱ አዲስ ዓመታችን መሆኑን ሲነግሯቸው አሮጊቷ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር መስከረም 11 የሚሆነው ይህ ዕለት ለእሳቸው ቤት ሌላ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በዚያ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር 1923 ዓ.ም. በባተ ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሊደፉ ሁለት ወር እንኳ ሳይቀራቸው፣ ተራራው ባለፉት መቶ ዓመታት ከታየው ሁሉ በከፋ ሁኔታ ፈነዳ። ቶን የሚመዝኑ ድንጋዮች በደሴቲቱ ማዶ ጂኖስትራ መንደር ላይ ወደቁ፤ የጋለ አመድና ጋዝ በሸለቆ ወርዶ ሰው ገደለ፤ ባሕሩም ተነሣ። ቀድሞም የወይን ተባይ ኑሮውን አዳክሞት ነበርና ከዚያ በኋላ ብዙው ሕዝብ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። የአሮጊቷ እናት አልሄዱም። ለምን እንደቀሩ እትዬ ሲጠይቁ «ቤቱን ማን ይጠብቀው?» አሉ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን መልስ ያውቁታል።

ሊመሽ ሲል ሌሎች ተጓዦች ካሉበት ትንሽ ጀልባ ገብተን በደሴቲቱ ሰሜን በኩል ዞርን። መንደሩ ከዓይን ሲጠፋ ጎኑ ተገለጠ። ሻራ ዴል ፉዎኮ ይሉታል፤ ከእሳቱ አፎች እስከ ባሕሩ የሚወርድ፣ ተክል የሌለበት፣ ጥቁር፣ በሁለት በኩል በገደል የታጠረ ቁልቁለት ነው። ተራራው ከባሕር በላይ 924 ሜትር ነው፤ ከባሕር በታች ያለው አካሉ ከዚህ ይበልጣል። ባለጀልባው ከዳርቻው ርቆ ሞተሩን አጠፋ። ማንም ምንም ሳይለው ሰዉ ሁሉ ዝም አለ።

መጠበቅ ነው። ፎቶግራፎች ይህን አይናገሩም፤ በረጅም ጊዜ የተነሡ ስለሆኑ ብዙ ፍንጣሪ አንድ ላይ ሰብስበው ተራራው ያለማቋረጥ የሚነድ ያስመስሉታል። እውነቱ ግን አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ጨለማ ነው። ዓይን አናቱ ላይ ተተክሎ ይደክማል። አንድ ልጅ ተኛ። ጀልባዋን ማዕበሉ ቀስ ብሎ ያዞራታል፣ ሰዉም አንገቱን እየመለሰ ያያል። በመጨረሻ የጭሱ ሆድ ቀላ። ከሥሩ ብርቱካንማ ነገር ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ እያንዳንዱ ፍንጣሪ የየራሱን ጎዳና ይዞ ወደ ታች ታጠፈ። ድምፅ የለውም። ስድስት ያህል ከቆጠርኩ በኋላ ነጎድጓዱ ደረሰ፤ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በጀልባዋ እንጨት በኩልም ገባ። የወደቁት ድንጋዮች በቁልቁለቱ ላይ እየተንከባለሉ፣ ሲጋጩ እየተሰበሩ፣ በተሰበሩ ቁጥር ውስጣቸው እየቀላ ወረዱ። አንዱ እስከ ባሕሩ ደርሶ ገባ፤ «ሽሽሽ» ሲል ሰማን፣ ነጭ እንፋሎትም ተነሣ።

እትዬ እጄን ይዘው ነበር። «ስሙ ይቀደስ» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አየህ ልጄ፣ ገንፎ ሲንተከተክ ቱፍ የሚለው እኮ ነው» አሉኝ።

አንድ ሳይንቲስት ቢሰማቸው አያርማቸውም። በተራራው ጉሮሮ ውስጥ ያለው ቅልጥ አለት ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ነው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ አረፋ እየሆነ፣ አረፋው እየተገናኘ፣ ጉሮሮውን የሚሞላ ትልቅ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ቆዳውን ቀድዶ ይፈነዳል፣ የተቀደደውም ነው የሚረጨው። ይህ ዓይነቱ ፍንዳታ በዓለም ሁሉ ስትሮምቦሊያዊ ይባላል። ቢያንስ ላለፉት 2,000 ዓመታት ይኸው ሥራ አላቋረጠም፤ መርከበኞች የሜዲትራኒያን ፋኖስ የሚሉትም ለዚህ ነው። ጋዙ በየጊዜው መውጫ ስላገኘ ሰው ከሥሩ መኖር ችሏል።

በማግስቱ ምሽት እትዬን ከአሮጊቷ ጋር ትቼ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ወጣሁ። ሄልሜት ግዴታ ነው፤ መብራቱም ግንባር ላይ ይታሰራል። ያኔ እስከ 290 ሜትር ሰው ብቻውን መሄድ ይችል ነበር፣ ከዚያ በላይ እስከ 400 ሜትር ከአስጎብኚ ጋር፤ ከዚያ በላይ ለማንም ክልክል ነበር። ከቡድናችን አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ቀድሞ እስከ አናቱ ድረስ ይወጣ እንደነበር ሰምቷል። አስጎብኚው ቁጣ ሳይታይበት መለሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 3 ቀን 2019 ከሰዓት በኋላ ተራራው ሳይጠበቅ በኃይል ፈንድቶ፣ በጎኑ ይሄድ የነበረ አንድ ተጓዥ ሞተ፤ በነሐሴ ማለቂያ ደግሞ ደገመው። አስጎብኚዎቹ ያኔ ሰዎቻቸውን አናቱ ላይ የሚያደርሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። «ጥቂት ሰዓት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣» አለ፣ «ቡድኖቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ።» እንጀራው ከዚያ መንገድ ጋር የተያያዘ ሰው ይህን ሲል፣ ማጉረምረሙ ቆመ። ክልከላው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ተራራውን ለማየት የመጣ ሰው ከ400 ሜትር የሚጎድልበት ነገር የለም።

ደግሞም አይጎድልበትም። እዚያ ቆሜ የሰማሁት ከጀልባው የተለየ ነው። ከፍንዳታው በፊት እግሬ ሥር መሬቱ ትንሽ ንቅንቅ የሚል መሰለኝ፤ ከዚያ የእንፋሎት ጩኸት፣ ከዚያ ደረት የሚመታ ድምፅ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር አመድ በጥርሴ መካከል ተንኮሻኮሸ። አስጎብኚው ከመንገዱ ዳር አሸዋ ዘግኖ በመብራቱ ሥር መዳፉ ላይ በተነው፤ ከጥቁሩ ዱቄት መካከል ጫፋቸው በወግ የተቀረጸ ጥቃቅን ጥቁር ክሪስታሎች ለቀመ። አውጋይት የሚባል ማዕድን ነው። ገና ከታች በቅልጡ ውስጥ ሳሉ ቀስ ብለው ያደጉ፣ ከዚያ በፍንዳታው የተወረወሩ ናቸው። የሊፓሪው ባልጩት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያጣ ነበር፤ እነዚህ ጊዜ ያገኙ ናቸው።

ስንወርድ በደሴቲቱ ላይ ስለተተከሉት የማስጠንቀቂያ ሳይረኖች አስጎብኚውን ጠየቅሁት። ከትልቅ ፍንዳታ በፊት ተራራው ለጥቂት ደቂቃ በዓይን በማይታይ መጠን ያብጣል፤ የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተከሏቸው መሣሪያዎች ያን እብጠት ሲያዩ ሳይረኑ በራሱ ይጮኻል። ደቂቃዎች ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ከፍታ ለመሮጥ ይበቃሉ።

ጠዋት ስነሣ በረንዳው ላይ እትዬና አሮጊቷ በመጥረጊያ ጉዳይ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሌሊት ነፋሱ ወደ መንደሩ ዞሮ ስለነበር ሁሉም ነገር ላይ ጥቁር ዱቄት ተነስንሷል። ደሴቲቱ ምንጭ የላትም፤ የአሮጌዎቹ ቤቶች ጣራ ጠፍጣፋ የሆነው የዝናብ ውኃ በቧንቧ ወደ ጉድጓድ እንዲወርድ ነው፤ የቀረውን መርከብ ያመጣል። ስለዚህ አመድ ሲወርድ ዝናብ ሳይቀድም ጣራው መጠረግ አለበት። አሮጊቷ እንግዳ አይሠራም ይላሉ፣ እትዬ ደግሞ በጉልበቴ አምላክ ይላሉ። በመጨረሻ ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ እትዬ በረንዳውን ጠረጉ፣ መሰላሉ ላይ ወጥቼ ጣራውን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ አሮጊቷ ከታች ሆነው «ከጥግ፣ ከጥግ ጀምር» እያሉ አዘዙኝ፣ የሰበሰብኩትንም አመድ ለካፐሪው ሥር እንዲሆን በባልዲ ተቀበሉኝ።